አምፖሉ በጠፋ ቁጥር

አማቴ ካምፓላ የመጡት የልጃቸውን ቤት አይተው ቶሎ ለመመለስ ነበር። የያዙት አንድ ትንሽ ሻንጣ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሞላው በርበሬና ሽሮ ነው፤ ለራሳቸው ያመጡት ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ ብቻ። ፋሲካን አዲስ አበባ እንደሚውሉ ለጎረቤቶቻቸው ቃል ገብተው ነው የወጡት። ከዚያ ያ በሽታ መጣ። ኤርፖርቱ ተዘጋ፣ ታክሲው ቆመ፣ ቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲም ሰው እንዳይጭን ተከለከለ፤ እኛም ሦስታችን ንሳምብያ ኮረብታ ጥግ ባለች ባለሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ተቆልፈን ቀረን።

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አልነበረም። ጠዋት የሳሎኑን መጋረጃ ሲገልጡ ደወል የተደወለ ያህል ደንግጬ እነሳለሁ። ለቁርስ አርፍዶ መምጣት፣ ጫማን በር ላይ አጣሞ መተው፣ እጅን ኪስ ውስጥ ከቶ ማውራት፣ ሁሉም ምክር ያሰጣል። ባለቤቴ ናካሴሮ ያለው መሥሪያ ቤቷ ሠራተኞቹን ከቤት ሥሩ ስላላቸው፣ መኝታ ቤቱን ዘግታ ከጠዋት እስከ ማታ ስብሰባ ላይ ናት። ሳሎኑ ለእኔና ለአማቴ ቀረ። እሳቸው ሶፋው ላይ፣ እኔ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣ ቀኑን ሙሉ እንተያያለን። አንድ ጤነኛ ወንድ ቁጭ ብሎ የተጠማዘዘ መስመር ሲያይ መዋሉ ለእሳቸው እንቆቅልሽ ነበር።

በመጨረሻ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። እንግሊዝኛውን ትቼ በአማርኛ ላስረዳ ብዬ፣ «የሥርዓት ልየታ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ሥርዓት ማለት ለእሳቸው ሰልፍ መያዝ፣ ጥፍር መቆረጥ፣ ሲጠሩ «አቤት» ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሥርዓት ለመማር መወሰኔን አደነቁ፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስ መሰጠቱንም አመሰገኑ፤ የእኛዎቹም ቢያስቡበት ጥሩ ነበር አሉ። እኔም እንደማረም ጨመርኩበት፤ ከልየታው በኋላ ቁጥጥር እንደሚከተል፣ የትምህርቱ መድረሻም ተቆጣጣሪ እንደሆነ ነገርኳቸው። በማግስቱ አዲስ አበባ ካሉት እህታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ፣ የልጃቸው ባል ሥርዓት ተምሮ ሊጨርስ እንደሆነና ከዚያ ተቆጣጣሪ እንደሚሆን ሲናገሩ ሰማሁ። እህታቸው የምን ተቆጣጣሪ ብለው ሳይጠይቋቸው አልቀሩም። አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአውቶቡስ ይመስለኛል፤ እንዳይከፋው ብዬ አልጠየቅኩትም» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ሙያዬ ለማስረዳት አይመችም። አንድ ምድጃ ወይም አንድ ሞተር አለ እንበል። ሲነኩት ምን እንደሚያደርግ ፈትነን ፀባዩን በሒሳብ እንጽፋለን፤ ያንን ሞዴል እንለዋለን። ሞዴሉን ይዘን ምድጃውን በራሱ የሚመራ ተቆጣጣሪ እንሠራለን። ጣጣው ተቆጣጣሪው ከተገጠመ በኋላ ምድጃው ያልታየ ፀባይ ማውጣቱ ነው፤ ሰው ከተጋባ በኋላ እንደሚተዋወቀው። ስለዚህ ከነተቆጣጣሪው እንደገና እናጠናዋለን፤ ሞዴሉን እናርማለን፤ ተቆጣጣሪውንም እንደ አዲስ እንሠራለን፤ እንደገና እንገጥማለን። የእኔ ጥናት ይህ ምልልስ መቼ እንደሚያሻሽልና መቼ እንደሚያበላሽ ለማየት ነበር። ለዚህም ዋንዴገያ አጠገብ ባለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ የሚያምር የማሞቂያ መሣሪያ ተዘጋጅቶልኝ ነበር። አሁን በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

አማካሪዬ ረጋ ያሉ ዩጋንዳዊ ፕሮፌሰር ናቸው። እገዳው የያዛቸው የገጠር ርስታቸው ላይ ከላሞቻቸው ጋር ስለነበር፣ ኔትወርክ ለማግኘት ከቤታቸው ጀርባ ካለ የምስጥ ኩይሳ ላይ ይወጡ ነበር። በቪዲዮ ስንገናኝ ከኋላቸው ሰማይና አንዳንዴም የላም ቀንድ ይታያል። ቤተ ሙከራው እስኪከፈት አንጠብቅም አሉኝ። ቀስ ብሎ የሚሞቅና ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝ ማንኛውም ነገር ይበቃል፤ ቤትህን ፈትሽ አሉ። ፈተሽኩ። ፍሪጁን ባለቤቴ ከለከለችኝ። ካውያውን አማቴ ከለከሉኝ።

የምንከራይበት ግቢ ባለቤት ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ የፊተኛው ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ተከራዩ ሁሉ ጃጃ ይላቸዋል፤ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው። አማቴ ግን ስማቸው መስሏቸው፣ በዕድሜ ትልቅ ሰው በባዶ ስም አይጠራም ብለው «አቶ ጃጃ» ይሏቸው ነበር። አማቴ ሉጋንዳ አይችሉም፣ ሽማግሌው አማርኛ አይችሉም፤ እንዲያም ሆኖ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተራርቀው ተቀምጠው ብዙ ያወራሉ። ስለምን እንዳወሩ አማቴን ስጠይቃቸው ሁልጊዜ መልስ ነበራቸው። መልሱ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ የሚችል ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከውሃ ታንከሩ ሥር እንቁላል ታቅፋ የነበረችውን የሽማግሌውን ዶሮ የሰፈር ውሻ በላት። ሽማግሌው እንቁላሎቹን በቅርጫት ሰብስበው መጡና ለአማቴ በእጃቸው አስረዷቸው፤ መስበር፣ መምታት፣ መጥበስ፣ በቻፓቲ መጠቅለል። እዚህ ሮሌክስ የሚሉትን የእንቁላል ጥቅል ሊያደርጓቸው ነው። አማቴ ይህን ያለ አስተርጓሚ ተረዱት። ሕይወት የጀመረ ነገር፣ ያውም በሁዳዴ፣ በቂጣ ተጠቅልሎ ሲበላ አላይም ብለው ቅርጫቱን ከሽማግሌው እጅ ወሰዱ። ሳሎን ገብተው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከኮምፒውተሬ ጎን አስቀመጡት።

«ተቆጣጣሪ ነህ አይደል?» አሉኝ። «በል ተቆጣጠር።»

እንቁላል ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። እንቁላሎቹን በአማቴ ነጠላ ጠቅልለን የሞቀ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ከጎናቸው አደረግንና ሥራ ጀመርኩ። ሽማግሌው ድሮ ዓሣ በበረዶ ይመጣበት የነበረ ወፍራም የፎም ሳጥን ሰጡኝ፤ ሽታው አሁንም አለ። ከጓዳቸውም ያንን የድሮውን፣ ከሚያበራው ይልቅ የሚያሞቀውን አምፖል አመጡልኝ። ከሞተ ኮምፒውተር ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ ነቀልኩ። የሙቀት መለኪያውና አምፖሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትንሽ ሰርኪት ቤተ ሙከራው ከመዘጋቱ በፊት ቦርሳዬ ውስጥ ቀርተው ነበር። አማቴ ውስጡ ካልታየኝ አይሆንም ስላሉ ክዳኑን በስቼ መስታወት ገጠምኩበት።

ባዶውን ሳጥን አምፖሉን አብርቼ አጥፍቼ ፈተንኩት፤ ኮምፒውተሩ ከሳለው የሙቀት መስመር ሞዴል አወጣሁ፤ ከሞዴሉ ተቆጣጣሪ ሠራሁ። የሚፈለገው ሙቀት ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው። ሲቀዘቅዝ አምፖሉን ያበራል፣ ሲበቃው ያጠፋል። እንቁላሎቹን አስገባን። እንቁላል ደግሞ መገላበጥ አለበት፤ ያንን አማቴ ተረከቡ። ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና አመሻሹ ላይ፣ እንደ ክፍለ ጊዜ ደወል ሰዓታቸውን ጠብቀው ይገለብጣሉ። በመስመሬ ላይ በእነዚያ ሰዓቶች ሙቀቱ ትንሽ ጎደል ሲል አያለሁ፤ የምጠብቀው ነገር ስለሆነ አያሳስበኝም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከእነዚያ ሰዓቶች ውጭም ሙቀቱ በድንገት እየወደቀ ነበር። አምፖሉ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ ገደል እንደገባ ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። በባዶው ሳጥን ያወጣሁት ሞዴል እንዲህ አይልም። ደስ አለኝ፤ ጥናቴ የሚለው ይኸው ነው፤ ዕቃው ከተቆጣጣሪ ጋር ሲሆን ሌላ ፀባይ ያወጣል። አዲሱን መረጃ ወስጄ ሞዴሉን አረምኩ። አዲሱ ሞዴል ሳጥኑ ሙቀትን እንደ ወንፊት እንደሚያፈስ ነገረኝ። እንግዲያው ይልበስ ብዬ የገዛ ሹራቤን አለበስኩት፣ ተቆጣጣሪውንም ጉልበተኛ አደረግኩት፤ ሲያበራ ጠበቅ አድርጎ እንዲያሞቅ።

ባሰበት። አሁን ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ስለዚህ አምፖሉ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠፋል፤ ከዚያ ሙቀቱ ይባስ ብሎ ይወድቃል። ሞዴሉን ደግሜ አረምኩት። ሦስተኛው ሞዴል ሳጥኑ ጨርሶ ግድግዳ የለውም አለ። ባለቤቴ ስፖርት የምትሠራበትን ምንጣፍ ከሹራቡ ላይ ደረብኩበት፤ አምፖሉንም በትልቅ ለወጥኩት። አማቴ ሳጥኑን እየዞሩ አዩት።

«ለዶሮ ይህን ያህል ካለበስክ፣ ልጅ ስትወልድ ምን ልታደርግ ነው?» አሉ፤ ቀጥለውም በዚህ ቤት የልጅ ነገር እስካሁን በሳጥን ብቻ እየተሞከረ መሆኑን አስታወሱን። ባለቤቴ ስብሰባ አለኝ ብላ ገባች።

በየዙሩ መሻሻል የነበረበት ነገር በየዙሩ እየተበላሸ ሲሄድ ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። መለኪያውን ፈትቼ ገጠምኩት። ሽቦዎቹን ለወጥኩ። ማራገቢያውን ወቀስኩ። የዓሣውን ሽታ ሳይቀር ጠረጠርኩ። መጨረሻ ላይ አማካሪዬን በቪዲዮ ጠርቼ ችግሬን ልዘረዝርላቸው ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሩ ኩይሳቸው ላይ ወጥተው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ያዳምጣሉ። እኔ ጀርባዬን ለሳጥኑ ሰጥቼ ሦስቱን ሞዴሎች አንድ በአንድ አስረዳለሁ። አምፖሉ ከጠፋ በኋላ የሚከሰተውን ውድቀት ምንም የፊዚክስ ሕግ እንደማይገልጸው፣ ምናልባት አዲስ ነገር ሳላገኝ እንዳልቀረሁ እየነገርኳቸው ነው። ፕሮፌሰሩ ግን እኔን ማየት ትተው ከትከሻዬ በላይ ያያሉ።

«ከኋላህ ያሉት ነጭ የለበሱ እናት ማን ናቸው?» አሉኝ።

ዞርኩ። አማቴ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ምንጣፉን ገልጠው፣ ሹራቡን ገልጠው፣ የሳጥኑን ክዳን ከፍተው አጎንብሰዋል። ትንሽ ቆይተው አምፖሉ ሲበራ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁና ሁሉንም እንደነበረ ከድነው ወደ ሶፋቸው ተመለሱ። ፕሮፌሰሩ ሞዴልህ ውስጥ የጎደለው ነገር የተገኘ ይመስለኛል ብለው፣ ላሞቹን ሊያዩ መሆኑን ነግረውኝ ከኩይሳው ወረዱ።

ወደ አማቴ ሄጄ፣ እንዳይከፋቸው ቃላቴን እየመረጥኩ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ሳይደብቁ ነገሩኝ። አምፖሉ ሁልጊዜ ይጠፋል። መጀመሪያ ሲጠፋ ባዩ ጊዜ ደንግጠው ከፈቱት፤ እንደከፈቱት በራ። ከዚያ ወዲህ በጠፋ ቁጥር ከፈት ያደርጉታል፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይበራ ቀርቶ አያውቅም። እኔን ለማሳፈር ስላልፈለጉ ነው እስካሁን ያልነገሩኝ።

«አንተ ኮምፒውተሩ ላይ ስታፈጥ» አሉ፣ «የማበራው እኔ ነኝ።»

የሚሉት ሐሰት አይደለም። ሲከፍቱት ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ተቆጣጣሪዬ አምፖሉን ያበራል። ክፈት፣ ይበራል። ሙከራቸው ብዙ ጊዜ የተደጋገመና አንድም ጊዜ ያልከሸፈ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ጊዜ የእሳቸውን እጅ የሳጥኑ ፀባይ አድርጌ ሞዴል ውስጥ ስጽፍ ከርሜያለሁ። ለእጃቸው ብዬ ሹራብ አልብሻለሁ። አምፖሉ ጠፍቶ በቆየ ቁጥር እሳቸው ይከፍታሉ፤ በከፈቱ ቁጥር እኔ አጠነክራለሁ፤ ባጠነከርኩ ቁጥር አምፖሉ ጠፍቶ ይቆያል።

«እማማ፣ ሙቀት ሲበቃው ነው እኮ የሚጠፋው። ሲቀዘቅዝ ራሱ ይበራል» አልኳቸው።

«ሳይነካ ራሱ ሲበራ አይተሃል?»

«ሁልጊዜ ራሱ ነው የሚበራው።»

«እኔ አላየሁም» አሉ። አላዩም፤ ፋታ ሰጥተውት አያውቁም።

እንግዲያው አብረን እንይ ተባባልን። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ዱካ ሳጥኑ ፊት አደረግንና ተቀመጥን። ሽማግሌውም ነገሩን ሰምተው ጭንብላቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው በመስኮት ያያሉ። አምፖሉ ጠፋ። አማቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣመሩ። ሳጥኑ ሹራብና ምንጣፍ ለብሷል፤ አምፖሉም ትልቁ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ በቀላሉ የሚወርድ አልነበረም። እኔ ቁጥሩን አያለሁ፤ ይወርዳል፣ ግን እንደ ቀንድ አውጣ። አማቴ ማርያምን ጠሩ። ከዚያ አንድ እጃቸው ከጉልበታቸው ተነስቶ ወደ ክዳኑ ሲሄድ በሌላኛው እጃቸው ያዙት። ሽማግሌው ከመስኮቱ ሆነው በሉጋንዳ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አማቴም፣ «አቶ ጃጃም ክፈቱት እያሉ ነው» ብለው ተረጎሙልኝ።

ሙቀቱ ደረሰ፣ ደረሰ፣ ጥቂት ብቻ ቀረው። ልክ ሊበራ ሲል የሰፈሩ መብራት ጠፋ።

ፍሪጁ ጸጥ አለ። የባለቤቴ ስብሰባ ተቋረጠና ከመኝታ ቤት ወጥታ ምን እንደምናደርግ ጠየቀችን። አማቴ አልተሳለቁብኝም። ጥሩ መምህር የሰነፈ ተማሪውን እንደሚያይ አዩኝና፣ «አየህ ልጄ» ብለው ተነሱና ክዳኑን ከፈቱ። በእርግጥ አልበራም። እሳቸው ግን ይህም አላናወጣቸውም።

«ዘገየን» አሉ። «በጊዜው ከፍቼው ቢሆን ይበራ ነበር።»

መብራት እስኪመጣ እንቁላሎቹን በጠርሙስ ውሃ ስናሞቅ ዋልን። ሽማግሌው ከሰል አያይዘው ውሃ ያፈላሉ፣ እኔ እሸከማለሁ፣ አማቴ ያዛሉ። ከሰዓት በኋላ ተናድጄ ኩሽና ውስጥ ለባለቤቴ ብሶቴን አወራሁላት። አንድ ሰው የመገልበጫ ሰዓቱን ጠብቆ ካልከፈተ ሥራዬ ሁሉ ገደል እንደሚገባ ነግሬ፣ እናቷን አንድ ነገር እንድትልልኝ ለመንኳት። ማቶኬ የሚሉትን ጥሬ ሙዝ እየላጠች ሰማችኝ።

«እሷን ለመቀየር እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሞክሬያለሁ» አለችኝ። «አንተ መሐንዲስ ነህ፤ ሳጥኑን ቀይረው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። አማቴን ወደ ክዳኑ የሚጎትታቸው ቅዝቃዜ አይደለም፤ የአምፖሉ መጥፋት ነው። አምፖሉ ባይጠፋስ? በርቶ ይቆይ፤ ሲበቃው ደብዘዝ፣ ሲጎድለው ደመቅ ይበል። ዋንዴገያ የስልክ ጥገና ሱቅ ላለው የማውቀው ሰው ደወልኩለት፤ ሱቁ ቢዘጋም ዕቃው ቤቱ ነበር። ቦዳ ሰው መጫን እንጂ ዕቃ ማድረስ አልተከለከለምና የብርሃን ማደብዘዣውን ላከልኝ። አሮጌውን ማብሪያ ነቅዬ አዲሱን ገጠምኩ። በመስታወቱ ውስጥ ብርሃኑ አንዴ ወርቃማ፣ አንዴ ፍም ይመስላል እንጂ አይጠፋም።

አማቴ ቆመው አዩት። ተቀምጠው አዩት። ሰዓታቸው ደርሶ እንቁላሎቹን ገለበጡ፣ ከደኑ፣ ሄዱ።

«አሁን ገና ሠራኸው» አሉኝ።

በማግስቱ መረጃውን ሳየው ያ ገደል የለም። ሳጥኑ እንዲያውም ታፍኖ ኖሯል። እንደገና ሞዴል አወጣሁ፤ ምንጣፉን ለባለቤቴ መለስኩ፣ ሹራቤን ለበስኩ፤ የዓሣ ሽታ ይዟል። ትንሹን አምፖል መልሼ፣ ተቆጣጣሪውን ለዘብ አድርጌ ሠራሁት። በሚቀጥለው ዙር ሙቀቱ በማስመሪያ የተሰመረ መሰለ። ፕሮፌሰሩ መስመሩን ኩይሳቸው ላይ ሆነው ደጋግመው አዩት። ከዚያ አንድ ዙር ብቻ ጨምርልኝ፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ ይሆናል አሉኝ።

ያን ዙር እንቁላሎቹ አልጠበቁልኝም። ጠዋት ሊገለብጡ የከፈቱት አማቴ፣ «ዝም በል፤ ስማ» አሉኝ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከቅርፊቱ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋ ወጣች፤ እርጥብና አስቀያሚ ናት። አማቴ በመዳፋቸው ይዘዋት፣ እኔ ሳልደርስባቸው መኝታ ቤቱን በርግደው ገቡ። ባለቤቴ ለአለቆቿ ሪፖርት እያቀረበች ነበር። በየአገሩ ያሉ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ጫጩቷን አዩ። አማቴም በአማርኛ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ባለቤቴ ስትተረጉመው የምስራች ማለታቸውን ብቻ ተናግራ፣ ተከታዮቹ የእኛ የራሳችን እንዲሆኑ የተመኙትን ዘለለችው።

ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ፣ ተቆጣጣሪዬም አበደ። አንዷ ጫጩት መለኪያው ላይ ተቀምጣበት ነበር። የጫጩት ገላ ሞቃት ነው፤ ተቆጣጣሪው እሷን አምኖ ቤቱ ሁሉ የሞቀ መስሎት አምፖሉን እስከመጨረሻው አደበዘዘው፤ እህቶቿ በብርድ ይንጫጫሉ። ባነሳናት ቁጥር ተመልሳ እዚያው ትቀመጣለች። ለፕሮፌሰሩ ስነግራቸው ጃንጥላቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ሽማግሌው ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት በውሃ በጥብጠው አመጡ። አማቴ ጫጩቶቹን በሰልፍ ለማብላት ሞከሩ።

ሁሉም አልተፈለፈሉም። ገሚሶቹ ብንጠብቃቸው ብንጠብቃቸው ዝም አሉ። አማቴ በተደጋጋሚ እያነሱ ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። አመሻሹ ላይ ሽማግሌው ሊቀብሯቸው ሲሰበስቡ፣ አማቴ አጠገቤ መጥተው፣ ባልለመድኩት ዝግ ያለ ድምፅ፣ «በእኔ ይሆን? በመክፈቴ?» ብለው ጠየቁኝ።

መክፈታቸው ሊጎዳ እንደሚችል ያውቁ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንዳንድ እንቁላል ከመጀመሪያውም ውስጡ ምንም እንደሌለው፣ የአቶ ጃጃ አውራ ዶሮም ያረጀ መሆኑን ነገርኳቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ስለቀሩት አላውቅም፤ ማወቂያም የለውም። ትከሻዬን ቸብ አድርገውኝ ገቡ። ያን ቀን ስለ ሥርዓት ምንም አልተባልኩም።

ኤርፖርቱ ዝናብ ተመልሶ ሲጀምር ተከፈተ። አማቴ ሲሄዱ ጫጩቶቹ ዶሮ ሆነዋል፤ አንደኛው በባለቤቴ መስኮት ሥር ቆሞ በየስብሰባዋ መሀል ይጮህ ነበር። ሽማግሌው ግቢው በር ድረስ ሸኟቸው፤ ሁለቱም በየቋንቋቸው ረጅም ነገር ተባባሉና፣ አማቴ መኪና ውስጥ ሲገቡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ።

በሚቀጥለው ዓመት ጽሑፌን ለፈተና አቀረብኩ። ከፈታኞቹ አንዱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ላይ ስላለው «ከውጭ የገባ ረብሻ» ምንነት ጠየቀኝ። አማቴ ናቸው አልኩት። ጻፈው። ከዚያ አለፍክ፣ ግን ያ የማረጋገጫ ዙር ጎድሏልና ሠርተህ ጨምርበት ተባልኩ። ሽማግሌው በዚያ ሰሞን የታቀፈ እንቁላል አልነበራቸውም፤ እኔም ሄጄ ከናካሴሮ ገበያ ገዛሁ። ለእኔ ሥራ የሚያስፈልገው ሙቀት የሚይዝ እንቁላል እንጂ ጫጩት አልነበረም። አማቴ ግን ይህን ሰምተው በስልክ ያለማቋረጥ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ድምፅ አለ ወይ፣ ተሰነጠቀ ወይ፣ ትገለብጣለህ ወይ። የገበያ እንቁላል አባት እንደሌለው ስነግራቸው፣ «ታዲያ እንቁላሎቹ ይህን ያውቃሉ?» አሉኝ።

መስመሩ በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ የቀናው ነበር። አንድም ሰው አልከፈተም፣ አንድም ቀን መብራት አልጠፋም። ወረቀቱ ላይ ለጥፌ አስረከብኩ፤ ተቀበሉኝ። ከዚያ ያንን ሁሉ ጊዜ የሞቀ፣ የማይበላም የማይፈለፈልም እንቁላል ይዤ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ከሙዙ ሥር ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ ጫጩት እንደማይወጣው እያወቅኩ ለምን እንዳሞቅኩት ጠየቁኝ። በእንግሊዝኛና በምችላት ትንሽ ሉጋንዳ ስለ ሞዴሉ፣ ስለ ተቆጣጣሪው፣ ስለ ዙሮቹ አስረዳኋቸው። አካፋቸውን ተደግፈው በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ያቺ እናት መቼ ነው የምትመለሰው አሉኝ።